ጣት ሲቆጥር ልብ ሲያሰላስል፦ የመቁጠሪያ ጸሎት በካቶሊካዊ ሕይወት

የመቁጠሪያ ጸሎት ካቶሊካውያን የኢየሱስ ክርስቶስን ሕይወት ከእናቱ ከድንግል ማርያም ጋር ሆነው እያሰቡ፣ በእጃቸው የያዙትን ፍሬ እየቆጠሩ የሚጸልዩት ጸሎት ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በማኒላ፣ በእምድብርም ሆነ በሮም ሥርዓቱ አንድ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን አንድ ጥያቄ ማጫሩ አይቀርም፦ ለማርያም የሚቀርበውን ያንኑ ሰላምታ ሃምሳ ጊዜ መደጋገም ለነፍስ ምን ይጨምራል?

መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አይገኝም። በዚህ ጸሎት ቃሉ የሚደጋገመው ሐሳብ እንዳይበተን ነው፤ የሚፈለገው የወንጌሉን ታሪክ ማሰላሰል ሲሆን ቆጠራው ለዚያ የቆመ አገልጋይ ነው። ምዕራፉ በዚህ በአንዱ ሐሳብ ላይ ይቆያል። በምዕራፍ 4 የግእዝ ሥርዓት ቅዳሴ፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ውዳሴ ማርያም የተገለጡበት መንገድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መቁጠሪያ በጣና ዳር ያለው ቦታ ከእነርሱ ተነጥሎ አይታይምና። እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የጸሎቱ አካሄድ

የተለመደው መቁጠሪያ 59 ፍሬዎችና አንድ መስቀል አሉት። መስቀሉን ይዞ በማማተብ ይጀመራል፤ የሐዋርያት የሃይማኖት ጸሎት ይከተላል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ፣ ሦስት ጊዜ የመልአኩ ሰላምታ፣ አንድ ጊዜ ለሥላሴ የምስጋና ጸሎት ይባላል። ይህ መግቢያው ነው። ዋናው ክፍል አምስት ዐሥሮችን የያዘው ክብ ነው። በእያንዳንዱ ዐሥር መጀመሪያ ላይ አንድ የወንጌል ድርጊት ይጠራል፤ አንድ አባታችን ሆይ፣ ዐሥር የመልአኩ ሰላምታ፣ በመጨረሻም የሥላሴ ምስጋና ይደርሳል። አምስቱን ዐሥሮች ረጋ ብሎ ለመጨረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል።

የመልአኩ ሰላምታ የሚባለው ጸሎት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የተወሰደ ሲሆን፣ ቅዱስ ገብርኤል በናዝሬት ለማርያም የተናገረውና ኤልሳቤጥ ዘመዷን ስትቀበል ያሰማችው ቃል ነው። ሁለተኛው አማንያን አሁንም በሞት ሰዓትም እንድትለምንላቸው የሚጠይቁበት ልመና ነው። ጸሎቱ አሁን ባለው ሙሉ መልኩ የጸናው በ1568 በታተመው የሮም የሰዓታት ጸሎት መጽሐፍ ነው። ልብ መባል ያለበት ነገር አለ፤ በሰላምታው መካከል፣ ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ፣ የኢየሱስ ስም ይጠራል። ካቶሊካዊ ትምህርት የጸሎቱን እምብርት የሚያደርገው ይህን ስም ነው። ሰላምታው ለእናቲቱ ቢሆንም የሚያደርሰው ወደ ልጇ ነው።

አንዱን ቃል መደጋገም

ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣ ባለታንኳ ከዳር እስከ ዳር የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይቀዝፋል። «ያንኑ ለምን ትደጋግማለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ታንኳውን የሚያስኬደው መቅዘፉ ነው፤ ዐይኑ ግን መቅዘፊያው ላይ አይደለም፤ ማዶ ያለውን ዳርቻ ያያል። ጀማሪ ሲሆን እጁን እያየ ስለሚቀዝፍ ታንኳው ይዞርበታል። ሲለምድ እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ሐሳቡም ለአቅጣጫው ነጻ ይወጣል። መንገዱ ረጅም ነው፣ የደንገሉም ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀዛፊው ሩጫ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚዘልቅ ምት ያስፈልገዋል።

በመቁጠሪያ ጸሎት የመልአኩ ሰላምታ የመቅዘፊያውን ሥራ ይሠራል። የሚታየው ዳርቻ በየዐሥሩ የተጠራው የወንጌል ድርጊት ነው። ከንፈር የታወቀውን ቃል ይላል፣ ጣት ፍሬውን ያሳልፋል፣ ልብ ደግሞ በቤተልሔሙ ግርግም ወይም በጌቴሴማኒ ይቆያል። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ለ15 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ላስብ ቢል ሐሳቡ ወዲያው ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ልጅ ትምህርት፣ ወደ ትናንት ጠብ ይሮጣል። አፍና እጅ ሥራ ሲይዙ ግን ሐሳብ የሚመለስበት ቦታ ያገኛል። ሐሳቡ መባዘኑ ባይቀርም፣ የሚቀጥለው ፍሬ ጣቱ ላይ ሲደርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ጸሎቱ የተሠራው ለሰው ድካም ነው፤ ትልቁ ጥበቡም እዚህ ላይ ይመስላል። የማይባዝን አእምሮ ያላቸውን ብቻ የሚጋብዝ ቢሆን ኖሮ የጥቂት መነኮሳት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በጸሎት ከንቱ ቃል ማብዛትን ተቃውሟል፤ መቁጠሪያን የሚነቅፉም ይህን ክፍል ይጠቅሳሉ። ተግሣጹ ግን የወደቀው ቃል ሲበዛ ሰማይ ይገደዳል ብሎ በሚያስብ ልብ ላይ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ እንደ ጸለየ እዚያው ወንጌል ምዕራፍ 26 ይናገራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 135ኛ የሆነው መዝሙር ስለ እግዚአብሔር ምሕረት የሚናገረውን አንድ ሐረግ በ26ቱም ቁጥሮች ይመልሰዋል። ቅዳሴ አስቀድሶ፣ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ላሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። መደጋገም ቃሉን ከጆሮ ወደ አጥንት እንደሚያወርደው ያውቃል።

ሃያው ምስጢራት

በየዐሥሩ የሚታሰበው ድርጊት ምስጢር ይባላል። ምስጢር ሲባል የተደበቀ ወሬ ማለት አይደለም፤ በዐይን በሚታይ ድርጊት ውስጥ እግዚአብሔር የሠራው የማዳን ሥራ ማለት ነው። ምስጢራቱ 20 ሲሆኑ አምስት አምስት ሆነው በአራት ይከፈላሉ።

ሰኞና ቅዳሜ የደስታ ምስጢራት ይታሰባሉ፦ ብሥራት፣ ማርያም ኤልሳቤጥን መጎብኘቷ፣ ልደት፣ ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ መወሰዱ፣ በ12 ዓመቱም በሊቃውንቱ መካከል መገኘቱ። ማክሰኞና ዓርብ ከጌቴሴማኒ እስከ ቀራንዮ ያለው የሐዘን መንገድ ነው። ረቡዕና እሑድ የክብር ምስጢራት ናቸው፤ ከትንሣኤ ጀምረው በዕርገትና በመንፈስ ቅዱስ መውረድ በኩል አልፈው ወደ ማርያም ፍልሰትና በሰማይ ወደ መክበሯ ያደርሳሉ። ሐሙስ የብርሃን ምስጢራት ይባላሉ፤ እነዚህን የጨመሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥቅምት 2002 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ነው። ከዚያ በፊት ምስጢራቱ 15 ነበሩ፤ ከሕፃንነት በቀጥታ ወደ ሕማማት ይሻገሩ ስለነበር የጌታ የስብከት ዘመን ሳይነካ ይታለፍ ነበር።

ይህ ጭማሪ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። ከአምስቱ የብርሃን ምስጢራት መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 እና 12 የሚከበሩት ናቸው። አራተኛው የጌታ መልክ የተለወጠበት የደብረ ታቦር ምስጢር ነው። በዓሉ ነሐሴ 13 ቡሄ ተብሎ ይከበራል፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለችው የደብረ ታቦር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ተራራ ነው። በዓለም ዙሪያ ለብዙ ካቶሊካውያን አዲስ የነበረው ክፍል ለዚህ አገር ሰው ልጅነቱን ያሳለፈባቸው በዓላት ናቸው።

የሰኞው የመጀመሪያ ምስጢር ደግሞ በጎጃም ምድር ከባድ ታሪክ አለው። ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ የመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ምን ፈጸመ የሚለው ጥያቄ ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ በሚባሉት የትምህርት ወገኖች መካከል ለብዙ ትውልድ ሊቃውንቱን አከራክሯል፤ በ1878 በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እስከ ተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስም ቆይቷል። ከጎጃም የወጣው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ዕድሜውን የሰጠው ለዚሁ ፍለጋ ነበር። በመርጡለ ማርያም የተማረው ይህ መነኩሴ በ1841 ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክተኛ ቡድን ጋር ተጉዞ ሮምን አይቷል፤ በ1844 ካቶሊክ ሆነ፤ በ1851 ቅስና ተቀበለ፤ በ1855 በእስር ሰንሰለት ውስጥ አረፈ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላዋለች። የመቁጠሪያ ጸሎት የሊቃውንቱን ክርክር አይፈታም፣ ሊፈታም አልተሠራም። ሊቃውንት በጉባኤ የመረመሩትን ያንኑን የናዝሬት ሰዓት ግን ፊደል ያልቆጠረች እናት በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ በልቧ እንድትጎበኘው ያደርጋታል። ትምህርትን ወደ ጸሎት የመለወጥ አቅሙ የዚህ ጸሎት ከሁሉ የላቀ ጥቅም ነው።

ከዳዊት የተወለደ ጸሎት

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ገዳማት መነኮሳት 150ውን የዳዊት መዝሙር ይደግሙ ነበር። ማንበብ የማይችሉት ወንድሞችና ምእመናን ደግሞ በዳዊቱ ፈንታ 150 ጊዜ አባታችን ሆይን፣ ኋላም የመልአኩን ሰላምታ በገመድ ላይ እየቆጠሩ ይጸልዩ ጀመር። «የማርያም ዳዊት» የሚለው ጥንታዊ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዶሚኒክ ዘፕሩሺያ የተባለ የካርቱዚያን ማኅበር መነኩሴ በሃምሳው ሰላምታ ላይ ከጌታ ሕይወት የተውጣጡ ሃምሳ አጫጭር ሐረጎች አያያዘ። ጸሎቱ ቆጠራ ብቻ ከመሆን ወጥቶ የወንጌል ማሰላሰያ የሆነበት ወሳኙ እርምጃ ይህ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የዶሚኒካኑ አላኑስ ዴ ሩፔ የመቁጠሪያ ማኅበራትን አስፋፋ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 5ኛ በ1569 ሥርዓቱን አጸኑት። ጥቅምት ወር ለመቁጠሪያ የተለየው በሊዮ 13ኛ በ1883 ነው።

በዚያው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያም የማርያም ፍቅር አዲስ መልክ እየያዘ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና በዓላቷ እንዲከበሩ አዘዙ። የተአምሩ ስብስብ መነሻው ምዕራብ አውሮፓ ሲሆን በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ1400 አካባቢ ነው። ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳቸውን ብዙ ተአምራት ጨመሩበት። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ዙሪያውን ያለበሱት ሥዕሎች ከዚህ መጽሐፍና ከወንጌል የተቀዱ ናቸው። ማንበብ የማይችል ምእመን ግድግዳውን እየዞረ ብሥራቱን፣ ስደቱን፣ ስቅለቱን በዐይኑ ያነባል። መቁጠሪያም ለአውሮፓው ገበሬ የሠራው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ መጽሐፍ ለሌለው ሰው ወንጌልን የሚያስይዙበት መንገድ አበጁ።

ጣና ዳር

ካቶሊካዊነት ወደ ጣና ዳር የመጣበት ታሪክ ቁስል ያለበት ነው። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1622 በጎርጎራ አረፈ። በዚያው በ1622 አፄ ሱስንዮስ ካቶሊካዊነትን በይፋ ተቀበሉ፤ በኋላም ሕዝቡ በትእዛዝ እምነቱን እንዲለውጥ በመገደዱ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተመለሰ፣ በ1633 አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በጎርጎራ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከዚያ ሁሉ ግርግር ሳይገፋ የተረፈው አንድ የማርያም ሥዕል ነው። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚገኘው፣ እናቲቱ እጆቿን አመሳቅላ ልጇን ያቀፈችበት አሣሣል በኢየሱሳውያን በኩል ገብቶ የጎንደር ዘመን ሠዓሊያን የራሳቸው አደረጉት። በትእዛዝ የመጣው ተመለሰ፤ በፍቅር የተወሰደው ቀረ።

ይህን ትምህርት በሥራ የገለጠው ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው። በ1839 ወደ ትግራይ ገብቶ በ1860 እስካረፈ ድረስ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ የግእዙን ሥርዓት አክብሮ ኖረ። የአባ ገብረ ሚካኤል መምህርና ወዳጅ እርሱ ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል ያሉት ካቶሊካውያን የሚገኙበት የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባው ተለይቶ የተቋቋመው በጥር 2015 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ነው፤ የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ሀገረ ስብከቱ የግእዝ ሥርዓት ነው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶው ሰማንያ ሁለት ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር። በጣና ዳር የሚኖር ካቶሊካዊ እንግዲህ የሚጸልየው በማርያም ፍቅር ከሚታወቅ ሰፊ ሕዝብ መካከል ሆኖ ነው። ጣና ቂርቆስ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ዐርፋበታለች የሚል ትውፊት ያላት ደሴት ናት፤ ይህን ትውፊት የሚያውቅ ሰው የደስታን ምስጢራት ሲያስብ የሩቅ አገር ታሪክ አይሆኑበትም።

የወራቱ መገጣጠምም አለ። በኢትዮጵያ ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው፣ እናትና ልጅም በአበባና በፍሬ የሚመሰሉት ያን ጊዜ ነው። የመቁጠሪያዋ እመቤት በዓል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን፣ በኢትዮጵያ መስከረም 27 ይውላል፤ ለመቁጠሪያ የተለየው ወርም ከመጀመሪያ ቀናቱ በቀር ሙሉ በሙሉ በጽጌ ውስጥ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች ያቀደ አንድ ሰው አልነበረም። የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካዊ ግን ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ይችላል።

ካህን በራቀበት ቦታ

ቅዳሴ ካህን ይፈልጋል፤ ማኅሌት ሊቅ ይፈልጋል፤ ዳዊት መድገም ንባብ ይፈልጋል። መቁጠሪያ ግን ሦስቱም በሌሉበት ይጸለያል። ፍሬው ቢጠፋ ዐሥሩ ጣቶች አሉ። ለጥቂትና ተበታትነው ለሚኖሩ ምእመናን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባት በአንድ በኩል ጀምሮ ልጆች በሌላ በኩል ሲመልሱ ቤቱ የጸሎት ቤት ይሆናል፤ የታመመ ሰው ረጅም ጸሎት ማንበብ ሲያቅተው አንዷን ዐሥር ይዞ ሊያድር ይችላል።

የዚህን አቅም ከሁሉ በላይ ያሳዩት የጃፓን ካቶሊካውያን ናቸው። ክርስትና በ1614 በአገሪቱ ከተከለከለ በኋላ ያለ ካህን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በስውር ቆዩ። በመጋቢት 1865 በናጋሳኪ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለሠራው ፈረንሳዊ ካህን ራሳቸውን ሲገልጡ ከመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው አንዱ የማርያም ምስል የት እንዳለ ነበር። ያቆያቸው ጥምቀትና በቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጸሎት ነው።

ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱ ይህን ጸሎት ደጋግመው ከሰላም ጋር አያይዘውታል፤ የ2002ቱ መልእክትም ለቤተሰብና ለሰላም እንዲጸለይ ይጠይቃል። ከ2020 ወዲህ ጦርነትና ግጭት ባልተለየው የአማራ ክልል ይህ ልመና የወረቀት ቃል አይደለም። የሐዘንን ምስጢራት የሚያስብ ሰው ያለ ፍርድ የተገረፈውን፣ ልጇ ሲገደል ቆማ ያየችውን እናት በዐይኑ ያያል፤ ይህን እያየ በማንም እናት ልጅ ላይ ክፉ ለመመኘት ይከብደዋል። ጸሎቱ የሚጸልየውን ሰው የሚለውጠው በዚህ መንገድ ነው።

መቁጠሪያ ያልሆነው ነገር

መቁጠሪያ ክታብ አይደለም። ካህን ሊባርከው ይችላል፣ በአክብሮትም ይያዛል፤ ነገር ግን አንገት ላይ ስለተንጠለጠለ ወይም መኪና ውስጥ ስለተሰቀለ በራሱ ክፉን የሚመልስ ኃይል የለውም። ቤተ ክርስቲያን የምትባርከው ዕቃውን ለጸሎት እንዲያገለግል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1974 ባወጡት መልእክት ማሰላሰል የተለየው መቁጠሪያ ነፍስ እንደተለየው ሥጋ መሆኑን አስተምረዋል። ሐሳቡ ከቃሉ ተለይቶ እንዳይሮጥ፣ ቃሉም እንዲሁ በጥድፊያ እንዳይጨረስ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ አምስቱን ሮጦ ከመጨረስ አንዱን ዐሥር በማስተዋል መጸለይ ይበልጣል። ለጀማሪም ይህ ይመከራል።

የማርያም አምልኮም አይደለም። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ ታስተምራለች፤ ከማርያም የሚጠየቀው ምልጃ ነው፣ ማለትም ከእኛ ጋርና ስለ እኛ እንድትለምን።

በመጨረሻም መቁጠሪያ የቅዳሴ ምትክ አይደለም። በምዕራፍ 4 እንደታየው ቅዳሴ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ አምልኮ ነው፤ መቁጠሪያ ደግሞ ምእመኑ በራሱም ሆነ በማኅበር የሚጸልየው ተጨማሪ ጸሎት ነው። ጳውሎስ 6ኛ በዚያው መልእክት በቅዳሴ መካከል መቁጠሪያ መጸለይን ስሕተት ብለውታል። በግእዝ ሥርዓትም ከውዳሴ ማርያም ጎን ይቆማል እንጂ አይተካውም። አንዱ በሰባቱ ቀናት ተከፍሎ የማርያምን ክብር ያወድሳል፤ ሌላው በሰባቱ ቀናት ተከፍሎ የልጇን ሕይወት ከእርሷ ጋር ይመለከታል። ከቅዳሴ በፊት ሲጸለይ ልብን ያዘጋጃል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሲጸለይ በቅዳሴው የተሰማውን ወንጌል እስከ ቤት ድረስ ያዘልቃል።